ከዚህ አይወጣም

«ከዚህ አይወጣም።» በተማሪነቴ ቴሲስ ፍለጋ ቤተ መጻሕፍት በገባሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሰማት ቃል ይህች ነበረች። መታወቂያዬን አስይዤ፣ የጸሐፊውን ስምና የመደርደሪያውን ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ባንኮኒው ላይ ተደግፌ እጠብቃለሁ። ሠራተኛዋ ገብታ፣ ቆይታ፣ አቧራውን በእጇ መታ መታ እያደረገች አንድ ወፍራም ጥራዝ ይዛ ትመጣለች። እዚያው ቁጭ ብዬ አነባለሁ፤ የምፈልገውን በእስክሪብቶ እገለብጣለሁ። ፎቶ ኮፒ ወይ ክልክል ነው፣ ወይ ለጥቂት ገጽ ብቻ ነው፣ ወይ ማሽኑ ተበላሽቷል። በማግስቱ ስመለስ ደግሞ ጥራዙን ሌላ ሰው ቀድሞኝ ይዞታል።

በዚያች ቃል ብዙ ተናድጃለሁ። ሴትየዋ የምትጠብቀው አንዲት ቅጂ መሆኗ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ሌላ ቅጂ ትምህርት ክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ ይባላል፤ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዘው ሰው ግን ለትምህርት ውጭ አገር ሄዷል። ጸሐፊው ራሱ የነበረውን ቅጂ ለአንድ ወዳጁ አውሶ ቀርቷል። ስለዚህ ያቺ ጥራዝ ብትጠፋ የሁለት ዓመት ድካም ከነጭራሹ እንዳልነበረ ይሆናል። አይወጣም ማለቷ ልክ ነበር።

ዛሬ በእንግሊዝኛ ስሙ ሪፖዚተሪ የምንለው የዩኒቨርሲቲ ዲጂታል ማከማቻ የመጣው ይህችን አንዲት ቅጂ ከብቸኝነቷ ለማውጣት ነው። ለአማርኛ ስሙ ገና ሽማግሌ አልተቀመጠም፤ አንዱ ቋት ይለዋል፣ ሌላው ክምችት፣ እኔ እዚህ ማከማቻ እለዋለሁ። ከተለመደው ቤተ መጻሕፍት የሚለይበት ነገር ቀላል ነው። ቤተ መጻሕፍት ሌሎች የጻፉትን ከውጭ ገዝቶ ለቤቱ ሰዎች ያቀርባል። ማከማቻው የቤቱ ሰዎች የጻፉትን ሰብስቦ ለውጭው ዓለም ይከፍታል። ቴሲሱ፣ የጉባኤ ጽሑፉ፣ የመምህሩ ጥናት፣ የድሮ ደብዳቤና ፎቶግራፍ እዚያ ይገባል። በሩ ከወዲህ ወደ ውጭ የሚከፈት ቤተ መጻሕፍት ነው ማለት ይቻላል።

የእኛን ታሪክ ከኮምፒውተር መጀመር ግን ስሕተት ይመስለኛል። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ሲጀምር ቤተ መጻሕፍቱን የያዘው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ነበር። ሆይናትስኪ መጽሐፍ ብቻ የሚሰበስብ ሰው አልነበረም። ኢትዮጵያን የሚመለከት ነገር ሁሉ፣ መስቀልና ሥዕል ሳይቀር፣ ይሰበስብ ነበር። ከዚያ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥቱ ተሞከረ፤ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደዚያ ቤት መመለስ አልፈለጉም፤ በዓመቱ ግቢውን በስማቸው ለተሰየመው ዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ስድስት ኪሎ የሚባለው ግቢ እንዲህ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሲመሠረት የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ፤ ሆይናትስኪ ያጠራቀመውም ለተቋሙ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም መሠረት ሆነ። ደም የፈሰሰበት ቤት የወረቀት ቤት ሆነ።

እዚያ ከገባው ወረቀት ሁሉ እኔ ከመጽሐፎቹ ይልቅ የምሳሳላቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፎች ናቸው፤ በተለይ የታሪክ ትምህርት ክፍል። ተማሪው ክረምት ላይ ወደ ትውልድ አገሩ ይሄዳል። አያቱን፣ የአያቱን ወዳጅ፣ የድሮውን ጭቃ ሹም፣ ከማይጨው የተመለሰውን አርበኛ አስቀምጦ ይጠይቃል። ተመልሶ በእንግሊዝኛ ይጽፈዋል፤ እንግሊዝኛው አንዳንዴ ያነክሳል። በመጨረሻው ገጽ የመረጃ ሰጪዎቹን ስም፣ ዕድሜና ቃላቸውን የሰጡበትን ቦታ ይዘረዝራል። እነዚያ ሽማግሎች አሁን የሉም። ስለዚህኛው ወረዳ ገበያ፣ ስለዚያኛው የግብር አመፅ የተጻፈ ሌላ ነገርም የለም። የውጭ አገር ሊቃውንት ሳይቀሩ በመጽሐፎቻቸው የግርጌ ማስታወሻ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ የጻፈውን የሚጠቅሱት ለዚህ ነው። እነዚህ ጽሑፎች በታይፕራይተር የተመቱ ናቸው፤ ካርቦን ከተገኘ ሁለት ሦስት ቅጂ፣ ካልተገኘ አንድ። እ.ኤ.አ. በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ደግሞ የማስተርሱ ቴሲስ ተጨመረና መደርደሪያው ያጥር ጀመር።

አንዲትን ቅጂ ለማብዛት የተደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ዘመቻ የመጣው ግን ከሌላ አቅጣጫ ነው። በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በምትባል መንደር፣ የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳት የሚኖሩበት የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ዩኒቨርሲቲ አለ። መነኮሳቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአውሮፓ ገዳማት ሲቃጠሉ አይተዋል፤ ሦስተኛው ከመጣ ደግሞ በኑክሌር እንደሚሆን ፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ፤ መነሻቸው ኦስትሪያ ነበር። የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ መምህር ዋልተር ሃረልሰን ጉዳዩን ወደ ኢትዮጵያ ስቦት ቤተ ክርስቲያኒቱም ተስማምታ እ.ኤ.አ. በ1973 በአዲስ አበባ ቀረጻው ተጀመረ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ሥራው ግን አልቆመም። ካሜራው በንጉሡ ዘመን ተተክሎ በደርግ ዘመን ሲያነሣ ኖረ፤ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ገቡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ አንዱ ኮሌጅቪል ሄደ።

ኮሌጅቪል የሄደውን ፊልም ቁጭ ብሎ ያነበበው ሰው ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ዶክተር ጌታቸው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ በ1968 ዓ.ም. መባቻ ወታደሮች ቤታቸው መጥተው በጥይት መቷቸው፣ ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወጥተው እ.ኤ.አ. በ1976 ሚኒሶታ ደረሱ። ከዚያ በኋላ ያለውን ዕድሜያቸውን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የብራና መጻሕፍቱን ሲመረምሩ ኖሩ። ዊሊያም ማኮምበር የሚባሉት ሊቅ የጀመሩት፣ ዶክተር ጌታቸውም የቀጠሉት ካታሎግ አሥር ቅጽ ደርሷል።

አሥሩ ቅጽ የሚያበቃው ቁጥር 5000 ላይ ነው። ፊልሙ ግን ከ9,000 በላይ ነው። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ የማከማቻው ታሪክ ሁሉ እዚህች ልዩነት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ካሜራ የያዘ ሰው አንድ ዳዊት ከሰዓት በፊት ያነሣል። ያ ዳዊት የማን እንደነበረ፣ መቼ እንደተጻፈ፣ ጠርዙ ላይ ስለ መሬት ስጦታ የተጻፈው ማስታወሻ ምን እንደሚል ለማወቅ ግን ግዕዙንም፣ የእጅ ጽሑፉንም፣ የነገሥታቱንም ዝርዝር የሚያውቅ ሰው ሳምንት ይፈልጋል። ማባዛት ቀላል ሆነ፤ ምን እንደተባዛ መናገር ግን ከባድ ሆኖ ቀረ። ፊልሙ በኋላ ወደ ዲጂታል ተዛውሮ ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል። ሚኒያፖሊስ ያለ ዲያቆንም ደብረ ታቦር ያለ ተማሪም ስሙን አስመዝግቦ መግባት ይችላል፤ የሚፈልገውን የሚያገኘው ግን አንድ ሰው አስቀድሞ አንብቦ ስም ካወጣለት ነው።

አሁን የምንጠቀምበት ዓይነት ማከማቻ የተወለደው በፊዚክስ ሰዎች እጅ ነው። ጽሑፋቸው በጆርናል እስኪወጣ ወራት ስለሚፈጅ ረቂቁን አባዝተው ለሚያውቁት ሰው በፖስታ ይልኩ ነበር፤ የማይታወቅ ወጣት ወሬው የሚደርሰው ከሁሉ መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ከእነሱ አንዱ፣ ፖል ጊንስፓርግ፣ በአሜሪካ ሎስ አላሞስ አንድ ኮምፒውተር ላይ ረቂቆቹን ሁሉም ሰው እንዲወስዳቸው አድርጎ አስቀመጠ። ዛሬ አርካይቭ የሚባለው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ቨርጂኒያ ቴክ የተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ቴሲሳቸውን በኤሌክትሮኒክ መልክ እንዲያስገቡ ግዴታ አደረገ። በዚያው ሰሞን የጆርናል ዋጋ ናረ፤ ዩኒቨርሲቲዎች የራሳቸው መምህራን ያለ ክፍያ የጻፉትንና የገመገሙትን በውድ ዋጋ መልሰው መግዛቱ አንገፈገፋቸው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2002 የወጣው የቡዳፔስት የነጻ ተደራሽነት ጥሪ የዚህ ምሬት ውጤት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ ከኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ ጋር የሠራውን ዲስፔስ የተባለ ሶፍትዌር ለቀቀ።

ዲስፔስ በነጻ የሚገኝ፣ ኮዱም ለሁሉ ክፍት የሆነ ነው። በጀት የሌለው ዩኒቨርሲቲ ሁሉ እሱን ያነሣው ለዚህ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የቴሲስ ማከማቻውን፣ ሰዉ በአጭሩ ኢቲዲ የሚለውን፣ ያቆመው በዲስፔስ ላይ ነው። ነጻ ማለት ግን ያለ ወጪ ማለት አይደለም። ሰርቨሩን የሚያውቅ ልጅ ያስፈልጋል፤ ልጁ ሲሠለጥን ባንክ በሦስት እጥፍ ደመወዝ ይወስደዋል፤ ሰርቨሩ የሚተኛበት ክፍል መብራት ይጠፋበታል። አሜሪካዊው ክሊፎርድ ሊንች እ.ኤ.አ. በ2003 ስለዚህ ነገር በጻፈው ውስጥ ሪፖዚተሪ ከምንም በላይ የተቋም ቃል ኪዳን እንደሆነ አስረድቷል። ቃል ኪዳን ደግሞ ሲጠበቅ አይታይም፤ ሲፈርስ ነው የሚታየው።

ሲፈርስ አይቻለሁ። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ማከማቻ ያወረድኩትን ቴሲስ ጠቅሼ፣ ሊንኩንም አስቀምጬ አንድ ጽሑፍ አሳተምኩ። በዓመቱ ሰርቨሩ ተቀየረና ሊንኩ ባዶ ገጽ አሳየ። ደወልኩ። «አዲሱ ላይ ፈልገው፣ አለ» ተባልኩ። ፈለግኩት፣ የለም። ከብዙ ወዲያ ወዲህ በኋላ ተገኘ፤ የጸሐፊው ስም ተገልብጦ ነበር።

ነገሩ ስም ላይ ደረሰ፤ ትንሽ እንቆይበት። ማከማቻው ውስጥ ጽሑፍ የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ፎርም ይሞላል። የፎርሙ መሠረት ደብሊን ኮር ይባላል፤ አየርላንድ ካለችው ደብሊን ጋር ዝምድና የለውም፣ እ.ኤ.አ. በ1995 በኦሃዮዋ ደብሊን በተደረገ ስብሰባ የተጠነሰሰ ነው። መሠረቱ አሥራ አምስት መስክ ነው፤ ርዕስ፣ ደራሲ፣ ዓመት፣ ቋንቋ እያለ ይሄዳል። ፎርሙ የደራሲውን ስም በሁለት ሣጥን ይጠይቃል፤ መጀመሪያ የቤተሰብ ስም፣ ቀጥሎ የራስ ስም። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም። ያለን የአባት ስም ነው፣ የአባት ስም ደግሞ የአባት ነው። ሠራተኛው ሣጥኑን ባዶ መተው ስለማይችል የአባትየውን ስም ከፊት ያስገባል። በዚህ መንገድ ስንት ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ የሃይድሮሎጂና የፋርማኮሎጂ ቴሲስ ደራሲ ሆነዋል! አልማዝ ከበደና አለማየሁ ከበደ ሲያጥሩ ሁለቱም «ከበደ፣ አ.» ይሆኑና አንድ ሰው ይመስላሉ። ኃይለ ማርያም የሚባል አባት ካለማ ስሙ ለሁለት ተሰንጥቆ «ማርያም» ብቻዋን ደራሲ ሆና ትቀመጣለች። ኢትዮጵያን የሚያውቁ ካታሎገሮች የእኛን ስም ሳይገለብጡ በራስ ስም ያስገባሉ፤ ጌታቸው ኃይሌን «ጌ» ላይ እንጂ «ኃ» ላይ አትፈልጓቸውም። ፎርሙ ግን ይህን አያውቅም፤ ፎርሙን የሚሞላው የኮንትራት ሠራተኛም የነገረው የለም።

ዓመቱ ሌላ ጣጣ ነው። በሰኔ 1992 የቀረበ የአማርኛ ቴሲስ ሽፋኑ ላይ 1992 ይላል። ሠራተኛው እንዳየው 1992 ብሎ ያስገባል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን የሚያየው ዓለም ሁሉ ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተጻፈ ያደርገዋል። ውስጡን ገልጦ ሲያይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ መጽሐፍ ተጠቅሷል። ተማሪው ገና ያልተጻፈ መጽሐፍ የጠቀሰ ነቢይ ይሆናል ማለት ነው። እኔም እዚህ አንዱን በዓ.ም.፣ አንዱን በእ.ኤ.አ. እያልኩ ስደበላልቅ ነው የመጣሁት፤ ወቀሳው ለራሴም ይሁን።

ፊደሉም አልቀረለትም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የአማርኛ ቴሲስ የሚመታው በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ ነበር። ፒዲኤፉ ሲከፈት አማርኛ ይታያል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጣችሁ ሌላ ቦታ ስትለጥፉት ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይወጣል። ለዓይን አማርኛ፣ ለኮምፒውተር ጉርምርምታ ነው። ስለዚህ ማከማቻው ውስጥ «ርስት» ብሎ የሚፈልግ ሰው ስለ ርስት ብቻ የተጻፈ ሁለት መቶ ገጽ ፊቱ ተቀምጦ አያገኘውም። በዩኒኮድ የተጻፈውም ቢሆን አንዱ ዘንድ «ጸሐይ» ነው፣ ሌላው ዘንድ «ፀሀይ»፤ በላቲን ሲጻፍ ደግሞ አንዱን ስም አምስት ዓይነት አድርገን ነው የምንጽፈው። የታይፕራይተሩ ዘመን ጽሑፍ ስካን ሲደረግ ፎቶግራፍ ነው የሚሆነው፣ አንድም ቃል አይፈለግበትም። የድሮዋ ሠራተኛ «የእገሌ ቴሲስ» ሲሏት እግሯ ይወስዳት ነበር። የፍለጋው ሣጥን እግር የለውም።

ፈቃድም አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲ መብት ይሰጣል፤ በ1960ዎቹ በታይፕራይተር የመታ ተማሪ ጽሑፉ አንድ ቀን ከኒው ዮርክ እስከ ዱባይ እንደሚነበብ ማንም አልጠየቀውም፣ ሊጠይቀውም አይችልም ነበር። አንዳንዱ መምህር ጽሑፉ እንዳይከፈት የሚፈልገው ሌላ ሰው ገልብጦ ይመረቅበታል ብሎ ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ባሉ ጽሕፈት ቤቶች የተዘጋጀ ቴሲስ እንደሚሸጥ የማያውቅ የለም። በኔ አስተያየት ግን ሌባው የሚወደው መደርደሪያ ላይ የተረሳችውን አንዲት ቅጂ ነው፤ ሁሉም የሚያየውን የሰረቀ ቶሎ ይያዛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ያወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ በሥሩ የነበሩ ዩኒቨርሲቲዎች በመንግሥት ገንዘብ የተሠራን ጥናትና ቴሲስ ለሁሉ ክፍት እንዲያደርጉ አስገድዷል። ወዲያው ኮሮና መጣና የንባብ ክፍሎቹ ተዘጉ፤ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘረፉ፣ ወደሙ። ፖሊሲውን ማን እንዳነበበው እንጃ፤ አንዲት ቅጂ ምን ማለት እንደሆነ ግን ያኔ ሁሉም ገባው።

ባለፈው ክረምት አንድ ወዳጄ የአያቱን ወሬ እየፈለገ ነበር። አያቱ የአገራቸውን ታሪክ ለአንድ ተማሪ እንደነገሩ ቤተሰቡ ያስታውሳል፤ ተማሪው ማን እንደነበር የሚያውቅ የለም። የአያትየውን ስም የፍለጋው ሣጥን ውስጥ በስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሞከርን፤ ምንም የለም። የወረዳውን ስም አስገባን፣ ሦስት ጽሑፍ መጣ፤ ሁለቱ ስለ አፈር ናቸው። ሦስተኛው ስካን የተደረገ የታሪክ መመረቂያ ነው፤ ገጾቹ ጠማማ ናቸው፣ አንዱ ገጽ ላይ የስካን አድራጊው አውራ ጣት ይታያል። ቃል መፈለጊያ ስለሌለው ከመጨረሻው ገጽ ወደ ኋላ እየገለጥን መጣን። የመረጃ ሰጪዎቹ ዝርዝር ጋ ስንደርስ ወዳጄ ስልኩን ከእጄ ወስዶ ገጹን አሰፋው። አያቱ አሥራ አንደኛው ላይ ናቸው፤ ዕድሜ 78። ከስማቸው ፊት በታይፕ «አቶ» ተብሎ ተመትቶ ነበር፤ አንድ ሰው በእስክሪብቶ ሰርዞ «ግራዝማች» ብሎ አርሞታል።